ለምርጫ ቅስቀሳ ብር ሲፈስ ከየትኛው መላ እንጀምር? ለድሬና ለሐረር መራጭ የተዘጋጀ ንጽጽር

በ2013 ዓ.ም. የምርጫ ሰሞን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ማተሚያ ቤት እሠራ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። ድሬ በግንቦት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ የሚያመጣው ግን ሙቅ አየር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ደንበኞች ተከታትለው ገቡ።

የመጀመሪያው ሳይቀመጥ ነው ያዘዘው። ትልልቅ ባነር፣ ፖስተር፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት። ሁሉም በሦስት ቋንቋ። ዋጋ አልተከራከረም። «ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥ?» ስለው «ተወው አቦ፣ ደረሰኝ አያስፈልግም» አለኝ። ብሩን ከጥቁር ፌስታል አውጥቶ ቆጠረና ሄደ።

ሁለተኛው የግል ዕጩ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር። የመጡት 200 በራሪ ወረቀት ለማሳተም ነው። ያውም በአማርኛ ብቻ። ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ከለስነው። መጨረሻ ላይ «ፎቶዬ ይቅርና ጽሑፉ ይጉላ» አሉኝ። ቀለም ለመቆጠብ ነው። ደረሰኙን ሳይወስዱ ግን አልወጡም። አራት ቦታ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ያን ቀን ያየሁት ልዩነት እስከ ዛሬ ይመላለስብኛል። ሁለቱም ለአንድ ከተማ ሕዝብ ነው የሚወዳደሩት። አንደኛው ጋ ያለው ብር ከየት እንደመጣ ግን እኔም አላወቅኩም፣ መራጩም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ሳነብ ቆየሁ። መላው ብዙ ነው። እያንዳንዱ የሚሠራበትም የሚከሽፍበትም ቦታ አለው። የትኛው ለእኛ ከተማ ይሆናል የሚለውን ለመምረጥ እንዲያግዝ ነው ይህን የጻፍኩት።

ብሩ እኛ ጋ ወዴት ይሄዳል?

አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የቅስቀሳ ወጪ ማስታወቂያ ነው። ድሬ ላይ ግን ብሩ የሚሄደው ለባነር፣ ለሞንታርቦ ኪራይ፣ ለመኪናና ለባጃጅ፣ ለነዳጅ፣ ለድንኳንና ለወንበር፣ ለምሳ ነው። ስብሰባው ከሰዓት ከዋለ ጫትም አለበት። ገጠር ቀበሌዎች ለመድረስ መኪና የግድ ነው። በዚህ ላይ ቋንቋ አለ። አንድ ወረቀት ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ካልወጣ ብዙ ቤት አይገባም። ሐረር ላይ ሐረሪኛ ይመጣል። ሀብታም ዕጩ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መምህሩ ግን በአንድ ቋንቋ ብቻ ያሳተሙት ሌላውን መራጭ ንቀው አልነበረም። ብር ስለሌላቸው ነው።

ሁለተኛው ነገር በዓይነት የሚሰጠው ነው። አንድ ነጋዴ ፒክአፑን ከነሾፌሩ ለሁለት ወር ያውሳል። የሆቴል ባለቤት አዳራሹን በነጻ ይለቃል። ብር ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም። ውለታው ግን ተመዝግቧል። ነገ መሬት፣ ጨረታ ወይም ፈቃድ ሲመጣ ያ ውለታ በር ያንኳኳል።

ሦስተኛው የመንግሥት ሀብት ነው። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ሕዝብ ጭኖ ወደ ሰልፍ ሲሄድ፣ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ ሲጠራ፣ አዳራሹ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው «ቁልፉ የለም» ሲባል ማለቴ ነው። ይህን ሳንቆጥር ስለ ባለሀብት ብቻ ብናወራ ግማሹን ብቻ ነው ያወራነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መላዎች ስመዝን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ማን ይቆጣጠረዋል? አቅም የሌለውን ዕጩ ይረዳል ወይስ ይጎዳል? በዓይነት የሚሰጠውንና የመንግሥትን ሀብት ያያል ወይ?

ልገሳ ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ

ይህ መጀመሪያ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ነው። አንድ ሰው ከዚህ በላይ መስጠት አይችልም ማለት። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሲጀምር አንድ ለጋሽ በዓመት ለአንድ ፓርቲ ከ15 ሚሊዮን ራንድ በላይ እንዳይሰጥ ከልክሏል (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። በፈረንሳይ አንድ ግለሰብ ለአንድ ምርጫ የሚሰጠው ከ4,600 ዩሮ አይበልጥም።

ጥሩነቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንድን ዕጩ በኪሱ መክተት አይችልም። ዕጩው ከብዙ ሰው ለመሰብሰብ ይገደዳል፤ ብዙ ሰው ጋ መሄዱ በራሱ ጥሩ ነው።

የሚከሽፍበትን መንገድ ደግሞ አሜሪካ በደንብ ታሳያለች። እዚያ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በቀጥታ የሚሰጠው ገንዘብ ገደብ አለው። ለ2025 እና 2026 የምርጫ ዙር አንድ ሰው ለአንድ ምርጫ የሚሰጠው 3,500 ዶላር ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1976 የልገሳ ገደብ ይቻላል፣ የወጪ ገደብ ግን ሐሳብን የመግለጽ መብት ይነካል ብሎ ወሰነ። በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ከዕጩው ተለይተው በራሳቸው የሚያወጡት ገንዘብ አይገደብም አለ። ከዚያ በኋላ ሱፐር ፓክ የሚባሉ ድርጅቶች ተፈጠሩ። ለዕጩው በእጁ አይሰጡትም፣ ለእሱ ሲሉ ግን ያወጣሉ። በ2024ቱ ምርጫ ኤሎን መስክ ብቻውን ዶናልድ ትራምፕን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በር ተዘግቶ መስኮት ሲከፈት ማለት ይህ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሱፐር ፓክም አያስፈልግም። አንድ ሰፊ ሱቅ ያለው ነጋዴ ብሩን በአሥር ሠራተኞቹና በአራት የወንድም ልጆቹ ስም ከፋፍሎ ቢሰጥ ማን ያጣራዋል? ፒክአፑስ ስንት ብር ተብሎ ይመዘገባል? ጣሪያው ጥሩ ነገር ነው። ብቻውን ግን ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው መላ አይደለም ባይ ነኝ።

ወጪ ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ

እዚህ ላይ የሚገደበው የሚገባው ሳይሆን የሚወጣው ነው። ብሪታንያ የዕጩዎችን ወጪ በሕግ የገደበችው በ1883 ነው። መራጭን በመጠጥና በግብዣ መግዛት የተለመደ ስለነበር ነው። እስካሁንም የምትመካው በልገሳ ጣሪያ ሳይሆን በወጪ ጣሪያ ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚከፈልበት የፖለቲካ ማስታወቂያም እዚያ ክልክል ነው።

ይህን መላ ስለ እኛ ከተማ ሳስብ የምወድለት ነገር አለ። ወጪ ይታያል። ልገሳ በፌስታል ይመጣል፣ ባነር ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከለገሃሬ እስከ መጋላ አንድ ከሰዓት በእግሩ የሄደ ሰው የማን ባነር ስንት እንደሆነ መቁጠር ይችላል። የሞንታርቦ መኪና ድምፁ ራሱ ይናገራል። ድሬ ላይ የአንድ ካሬ ሜትር ባነር ዋጋ ማተሚያ ቤት ገብቶ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱና ግድግዳው ካልተገናኙ ማወቅ ይቻላል።

ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ደረሰኝ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የመጨረሻ ዙር ለደረሰ ዕጩ ያስቀመጠችው ጣሪያ 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኒኮላ ሳርኮዚ ወደ እጥፍ የተጠጋ ወጪ አውጥተዋል ተብለው በ2021 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አላቸው። የቅስቀሳው ወጪ በሌላ ስብሰባ ስም ደረሰኝ ሲቆረጥለት ነበር። ይህን ሳነብ ያ ጥቁር ፌስታል ነው ትዝ ያለኝ። ፈረንሳይ ጠንካራ ተቆጣጣሪ እያላት ይህ ከደረሰ፣ ደረሰኝ «ተወው» በሚባልበት ከተማ ጣሪያው ምን ላይ ይቆማል?

ኬንያም ጥሩ ትምህርት ናት። የምርጫ ዘመቻ ፋይናንስ ሕግ ያወጣችው በ2013 ነው። ለ2022ቱ ምርጫ ኮሚሽኑ ጣሪያውን ቢያሳውቅም ሥራ ላይ ሳይውል ምርጫው ተካሄደ። ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ሕጉ እንዲነክሳቸው አልፈለጉም።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ ያሳስበኛል። የወጪ ጣሪያ የመንግሥትን ሀብት ካልቆጠረ ሥልጣን ላይ ላለው ወገን ይጠቅማል። ተፎካካሪው ለመኪና ኪራይ ያወጣው ይቆጠርበታል። የመንግሥት ታርጋ ያለው መኪና ግን ኪራይ የለውም። ጣሪያው እኩል ይመስላል፣ ሥራው ግን እኩል አይደለም። ይህን መላ የሚደግፍ ሁሉ መጀመሪያ «የመንግሥት መኪና፣ አዳራሽና የሠራተኛ ሰዓት በገበያ ዋጋ ይቆጠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

አንዳንድ ምንጮችን ጭራሽ መዝጋት

ይህን ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም የተወሰነው እኛ ጋ አለ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋና ከውጭ መንግሥት፣ እንዲሁም ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሌሎች አገሮች ከዚህ አልፈው የኩባንያን ገንዘብ ዘግተዋል። ፈረንሳይ በ1995 ዘጋች። ብራዚል ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ከለከለ።

ድሬ ላይ ይህ በቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ጂቡቲ፣ ጅዳ ወይም አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የአጎት ልጅ በፍቅር ተነስቶ «ለእናንተ ዕጩ ይሁን» ብሎ ሊልክ ይችላል። ፓስፖርቱን የቀየረ ከሆነ ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ምርጫ ቦርድን ጠይቁ። በቅን ልብ የመጣ ብር ጥሩ ዕጩን ሊያሰናክል ይችላል።

የኩባንያን ገንዘብ መዝጋት ግን እዚህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የእኛ ከተማ ነጋዴ ኩባንያውና ኪሱ አንድ ነው። በድርጅቱ ስም ሲከለከል በራሱ ስም ይሰጣል።

ከሕዝብ ካዝና መስጠት

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዕጩው ከባለሀብት እንዳይለምን መንግሥት ራሱ ለሁሉም ይስጥ። ጀርመን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ለፓርቲዎች ትሰጣለች። ግን ብልህ ገደብ አለው። ፓርቲው ከመንግሥት የሚያገኘው ራሱ ከአባላቱና ከደጋፊዎቹ ከሰበሰበው መብለጥ አይችልም። ሕዝብ ውስጥ ሥር የሌለው ፓርቲ በመንግሥት ብር ብቻ እንዳይኖር ነው።

እኛ ጋም የመንግሥት ድጋፍ በአዋጅ አለ። ክፍፍሉ ላይ ሴት ዕጩ ማቅረብ ይታያል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ክፍፍሉ ባለፈው ምርጫ በተገኘ ወንበርና ድምጽ ላይ በተንጠለጠለ ቁጥር ግን ትላንት ያሸነፈው ዛሬ ይበልጥ ያገኛል። አዲሱ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

ልቤን የሳበው የሁለት የአሜሪካ ከተሞች ዘዴ ነው። ሲያትል በ2015 በሕዝብ ድምጽ ያጸደቀችው የዴሞክራሲ ኩፖን የሚባል ነገር አለ። ከተማው ለነዋሪው እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሆኑ አራት ኩፖኖች ይልካል። ነዋሪው ለፈለገው የከተማ ዕጩ ይሰጠዋል። ብሩ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ትንሽ ልገሳን ታባዛለች። ለከንቲባ ዕጩ ነዋሪው የሰጠው የመጀመሪያው 250 ዶላር ለአንዱ ዶላር ስምንት ይጨመርበታል። አሥር ዶላር የሰጠች ጎረቤት ለዕጩዋ ዘጠና አመጣች ማለት ነው። ያኔ ዕጩው ከአንድ ሀብታም ጋር እራት ከሚበላ መቶ ቤት ማንኳኳት ያዋጣዋል።

እስቲ ይህን በእድር ሂሳብ እናስበው። ሳቢያን ውስጥ አንድ እድር መቶ አባል አለው እንበል። እያንዳንዱ ለሚወደው ዕጩ 20 ብር ቢሰጥ 2,000 ብር ነው። ስምንት እጥፍ ቢጨመርበት 18,000 ይሆናል። የመምህሩ ወረቀት በሦስት ቋንቋ ይወጣ ነበር፣ ፎቷቸውም አይቀርም ነበር።

ዛሬ ከተማችን ለዚህ የሚሆን በጀት አለው ወይ? ውሃና መንገድ ያልደረሰው ሰፈር እያለ «ለፖለቲከኛ ብር ስጡ» ማለት ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ አልፈርድባቸውም። በተጨማሪም ማባዛት የሚቻለው የታመነ መዝገብ ሲኖር ነው። ያለዚያ መቶ የሐሰት ስም ጽፎ ስምንት እጥፍ መቀበል ቀላል ነው። ወደፊት የምመኘው መላ ይህ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ግን አይደለም።

መዝገቡን መግለጥ

የእኛ እድር በወር አንድ ጊዜ እሁድ ጠዋት ይሰበሰባል። ጸሐፊው ወፍራሙን መዝገብ ከፍቶ ጮክ ብሎ ያነባል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለድንኳን ስንት ወጣ፣ ለየትኛው ለቅሶ ስንት ተሰጠ። አንድ ጊዜ ለሰሃን መግዣ የወጣ ብር ከደረሰኙ 60 ብር በልጦ ተገኘ። እትዬ አንዷ ብድግ ብለው «60 ብሯ የት ገባች?» አሉ። ጸሐፊው አፈረ፣ ሄዶ አጣራ፣ የባጃጅ ሆኖ ተገኘ። ተጻፈ። ተጨበጨበ። ለ60 ብር እንዲህ የምንጠይቅ ሰዎች ከተማውን ለሚመራ ሰው ብር ማን እንደሰጠው ሳንጠይቅ ድምጽ እንሰጣለን። ሐረር ያላችሁም እንደ እድር ያለውን አፎቻችሁን አስቡ። ሂሳብ በሰው ፊት መግለጥ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

በሕጋችንም ፓርቲዎች ሂሳባቸውን መዝግበው፣ በኦዲተር አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ አለባቸው። የጎደለው ያ ሪፖርት መራጩ በሚያነበው መልክ፣ ከምርጫው በፊት፣ በሰፈሩ ቋንቋ እጁ መግባቱ ነው። ከምርጫ በኋላ ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ሪፖርት ለታሪክ እንጂ ለመራጭ አይሆንም።

መደበቅ ምን እንደሚያመጣ ሕንድ አሳይታለች። በ2018 የምርጫ ቦንድ የሚባል ነገር ጀመረች። ለጋሹ ከባንክ ቦንድ ገዝቶ ለፓርቲ ይሰጣል፣ ሕዝብ ግን ማን እንደሰጠ አያውቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት ወር 2024 የመራጩን የማወቅ መብት ይጥሳል ብሎ ሻረው። ባንኩም ዝርዝሩን እንዲያወጣ ታዘዘ። ሲወጣ በመንግሥት ተቋማት ምርመራ ላይ የነበሩ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ተገኙበት። ስድስት ዓመት ሙሉ መራጩ ይህን ሳያውቅ ነው የመረጠው።

እዚህ ላይ ግን አንድ በጣም የማከብረው ተቃውሞ አለ። አንድ መጋላ ያለ ነጋዴ ወዳጄን ይህን ሐሳብ ሳጫውተው ሻዩን አስቀምጦ «ወሪያ፣ እኔ ለተፎካካሪ 5,000 ብር እንደሰጠሁ ከተለጠፈ ነገ ሱቄ ላይ ግብር ቢከመርብኝ ማን ይደርስልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉም ስም ከተገለጠ ፈሪው ለተፎካካሪ መስጠት ያቆማል። ሥልጣን ላይ ላለው መስጠት ግን ማንም አይፈራም። ያኔ መላው ከበሽታው ይብሳል።

መልሱ የብሩን መጠን መለየት ነው። ደቡብ አፍሪካ ሕጉን ስትጀምር ለሕዝብ ይፋ የሚሆነው ከ100,000 ራንድ በላይ የሆነው ልገሳ ብቻ ነበር። የትንሽ ሰው ትንሽ ብር ለተቆጣጣሪው ይመዝገብ፣ አደባባይ ግን አይውጣ። የትልቁ ትልቅ ብር ግን ሁሉም ይየው። የሻይ ቤት ባለቤቷ 500 ብር የከተማውን ውሳኔ አይለውጥም። ስድስት ፒክአፕ ያዋሰ ሰው ግን ይለውጣል። በዓይነት የተሰጠውም በዚያው መዝገብ በገበያ ዋጋ ይግባ።

ወጪውን ራሱን ማቅለል

ገንዘብን ከማባረር ሌላ ደግሞ ገንዘቡ ያን ያህል እንዳያስፈልግ ማድረግ አለ። ለእኛ ከተማ ከሁሉም በቶሎ የሚሠራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሕጋችን ፓርቲዎች በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነጻ የአየር ሰዓት ያገኛሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሬ ላይ ሬዲዮ ሱቅ ውስጥም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ጫት ቤትም ይከፈታል። ያ ሰዓት በሦስቱ ቋንቋ፣ ሰው በሚሰማበት ሰዓት፣ የግል ዕጩንም ጨምሮ ቢከፋፈል የባነሩ ብዛት ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የዕጩዎችን ሐሳብ በአንድ መጽሔት አሳትማ ለመራጩ ትልካለች። ሁሉም እኩል መልክ ባለው ገጽ፣ ጎን ለጎን። ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ይህ ለምን ርካሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። አሥር ዕጩ ለየብቻው 1,000 ወረቀት ከሚያሳትም አንድ ላይ 10,000 ቅጂ ማሳተም ለአንዱ ቅጂ የሚወጣውን በጣም ይቀንሰዋል። ትርጉሙም አንድ ጊዜ ይከፈልበታል። ለድሬ በሦስት ቋንቋ፣ ለሐረርም እንዲሁ። ቀበሌ ውስጥ ይቀመጥ፣ እድርና አፎቻ ውስጥ ይነበብ። ዓይኑ ለማንበብ የደከመ ሽማግሌም የልጅ ልጁ ያነብለታል።

አዳራሽም እንዲሁ። የቀበሌ አዳራሽ ተራ ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፍ። ማን መቼ ጠየቀ፣ ማን መቼ ተሰጠው። ይህ የሚጠይቀው አንድ እስክሪብቶ ነው።

ፌስቡክ ላይ ያለው ብቻ ለብቻው ይታይ። ለብዙ ሰው እንዲታይ በክፍያ ቡስት የሚደረግ ጽሑፍ ማን እንደከፈለበት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ መካከል ላይ ደላላ ይገባል። ግን አንድ ገጽ አሁን ምን ማስታወቂያ እያሠራ እንደሆነ ፌስቡክ ራሱ ባለው የማስታወቂያ መዝገብ ገብቶ ማንም ማየት ይችላል። ስልክ ያለው ወጣት በአሥር ደቂቃ የሚያየው ነገር ነው።

ድሬና ሐረር አንድ አይደሉም

አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚለያዩት፣ ግን ምርጫቸው ሌላ ነው። ድሬ የቻርተር ከተማ ናት፤ ሰፊ ገጠር አላት። ወጪው መኪናና ነዳጅ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት መኪናው ነው። የማን ነው፣ ማን ሰጠው፣ ታርጋው የምንድን ነው?

ሐረር ላይ ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ዕጩ በእግሩ ሄዶ ሁሉንም ማዳረስ ይችላል። ከሾዋ በር ተነስቶ ኤረር በር ለመድረስ ነዳጅ አያስፈልግም፤ ሰላምታው ነው ሰዓት የሚወስደው። ነገር ግን የክልሉ ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ አለው። 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤና 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። ለሁለተኛው ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። ይህ ማለት ዕጩው አዲስ አበባም ድሬም መሄድ አለበት። በእግሩ የሚያሸንፍ ዕጩ እዚህ ላይ ይደክማል፤ የጉዞ ብር ያለው ያልፋል። ስለዚህ ለሐረር የአየር ሰዓቱና የጋራ መጽሔቱ ከድሬም ይልቅ ያስፈልጓታል። መራጭ ያለበት ቦታ ሁሉ መድረስ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

እኔ ብመርጥ

ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። በመጀመሪያ የጋራ መጽሔት፣ የአየር ሰዓትና የአዳራሽ ተራ። ከዚህ ጎን ትልልቅ ልገሳን ከነዓይነቱ ከምርጫ በፊት መግለጥ። መዝገቡ ለአንድ ምርጫ ከሠራ በኋላ የወጪ ጣሪያ፣ የመንግሥት ሀብት ተቆጥሮበት። ቀጥሎ የልገሳ ጣሪያ። የእድሩን 20 ብር ማባዛት በመጨረሻ፣ መዝገቡ ሲታመን። ሌላው ሰው ጣሪያው ይቅደም ሊል ይችላል። እኔ ግን ያላየሁትን ብር መገደብ አልችልም።

ሕግ እስኪቀየር መጠበቅም አያስፈልግም። እድር ወይም አፎቻ ውስጥ ካላችሁ፣ ሊያናግራችሁ የመጣን ዕጩ ሁሉ «ከሁሉ በላይ የሰጠህ አምስት ሰው ማን ነው? መኪናውስ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት አክብሮት። ማተሚያ ቤት ወይም የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ያላችሁ ደግሞ ያለ ደረሰኝ የቅስቀሳ ሥራ አትቀበሉ። እኔ ያን ቀን ተቀብያለሁ። ሥራው የአለቃዬ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዛሬ ቢሆን ደረሰኝ አልፈልግም የሚል ደንበኛ ወጥቶ ይሂድ እል ነበር።

መምህሩ አላሸነፉም። ሐምሌ ላይ ግን ተመልሰው መጡ። እጃቸው ላይ የተማሪ ደብተር ነበር። ያዋጡላቸውን ሰዎች፣ ከእኔ የወሰዱትን ደረሰኝ፣ የባጃጁን፣ የውሃውን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈውታል። ከሁሉ ወጪ ተርፎ 340 ብር አለ። ለሰዎቹ እንደ መዋጮአቸው ሊመልሱ ነው። «ይህን ገጽ 30 ፎቶ ኮፒ አድርግልኝ፤ ለእያንዳንዳቸው ላድርስ» አሉኝ። ኮፒውን ሳደርግ ሂሳብ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። ከፈሉና ለዚያም ደረሰኝ አስቆረጡ፣ ደብተሩ ላይም ጻፉት። 340 የነበረውን ሰርዘው ቀሪውን ከሥሩ አሰፈሩ።